ሚስትህን ጠይቃት

ኪሩቤል በሳንባ ምች ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሕፃናት ሁሉ የጉበት ቫይረስ ምርመራ ተደረገላቸው። ቫይረሱ የተገኘው እሱ ላይ ብቻ ነበር።

አያቱ እማማ ደብሪቱ ልጃቸውን ሲሳይን ወደ ኮሪደሩ ሳቡት።

«በደም ነው የሚተላለፈው ይላሉ። የአራት ዓመት ሕፃን ከየት ያመጣዋል? ሚስትህን ጠይቃት።»

ሲሳይ አልጠየቀም። ግን ከዚያ ወዲህ የሚስቱ የትርንጎ ስልክ በጠራ ቁጥር ጆሮው ይቆማል፤ ያመጣችለትንም ምሳ ሳይቀምሰው ይመልሳል። እሷም ገብቷታል።

ወላጆቹም እንዲመረመሩ ታዘዘ። ትርንጎ ነፃ ሆነች። ሲሳይም ነፃ ሆነ። ጥቂት እፎይ ሊል ሲል እናቱ እንደገና ጠጋ አሉት።

«ታዲያ ልጁን ይዛ የት የት ስትዞር ነው?»

ይሄኔ ሐኪሟ መጣች። «ልጁን ምላጭ ነክቶት ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለች ትርንጎ። «ፀጉሩን እንኳ የማስተካክለው እኔው ነኝ፣ በራሴ መቀስ።»

ሐኪሟ የኪሩቤልን አፍ አስከፍታ በባትሪ አየች። ጎንበስ ብላ ደግማ አየች።

«እንጥሉ ተቆርጧል። ማነው ያስቆረጠው?»

ባልና ሚስት ተያዩ። ኪሩቤል አፉን ገጠመና ወደ አያቱ ጠቆመ።

«እማማ ናት። እማዬ ለቅሶ የሄደች ቀን። እንዳትናገር ብላ ብስኩት ገዛችልኝ።»