ከፊት ያለችው ኮከብ

«ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም?» አለችኝ፣ በሩን ሳታንኳኳ ገብታ።

አለቃዬ ናት። እኔው ያስተማርኳት፣ ያኔ ፊቴ ቀና ብላ ለመናገር የምትፈራ ልጅ፣ ባለፈው ወር በላዬ ላይ ተሾመችብኝ። ወንበሩ የሚገባው ለእኔ ነበር። «ሥራዬን ሰርቃ ነው የወጣችው» እያልኩ በየቢሮው አውርቼባታለሁ። እውነት ይሁን ውሸት ግድ አልሰጠኝም፤ ቆሽቴ አርሮ ነበር።

«እያየሁት ነው። ምን ያጣድፍሻል?»

«ያየነው ብርሃን በየሰዓቱ እየደከመ ነዋ! ነገ ላይኖር ይችላል። ዛሬ ደግሞ የእናቴ መቀነት ጠለፈኝ ሊሉኝ ነው?»

ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ፣ ትናንት ያልነበረ የኤክስሬይ ብርሃን በድንገት ቦግ ብሏል። እሷ እንደምትለው አንድ ጥቁር ጉድጓድ አጠገቡ ካለች ኮከብ ጋዝ እየመጠጠ ነው። ለዓለም የሰማይ ተመራማሪዎች የሚላከው ማስታወቂያ ከወጣ ታላላቆቹ ቴሌስኮፖች ሥራቸውን ጥለው ወደዚያ ይዞራሉ። ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ሰው የድሮውን የሰማይ ፎቶ አውጥቶ፣ በዚያው አቅጣጫ የራሳችን ጋላክሲ ኮከብ ከፊት አለመደቀኗን አይቶ መፈረም አለበት። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ተደቅናለች። ትንሽ፣ ቀይ፣ የዚሁ የእኛው ሰፈር ኮከብ። እንዲህ ያሉት አልፎ አልፎ ቦግ ይሉና ይጠፋሉ። ቦግ ያለችው እሷ ናት እንጂ እዚያ ጥቁር ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት ጉድ ከመውጣቱ በፊት አስቁሜያለሁ።

«ዓይንዎ ደከመ እንዴ? ካቃተዎት ለሌላ ሰው ልስጠው» አለች፣ ኮሪደሩ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብላ።

ደሜ ፈላ። ፎቶውን ዘጋሁና «ከፊት ምንም የለም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እሰይ፣ አገር ይሳቅባት አልኩ በሆዴ። ጭራሽ ደስ አለኝ።

ወረቀቱን ከእጄ መንጭቃ፣ እዚያው እንደቆመች ማስታወቂያውን ከስልኳ ላከችው።

«ግኝቱ የእርስዎ ነው ብዬ ነው የላክሁት» አለች። «የእኔ ስም የለበትም። ከእንግዲህ ሥራዬን ሰረቀች እያሉ በየቢሮው አያሙኝም።»

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «ቆይ... መልሺው!»

«አንዴ የወጣ አይመለስም። ደንቡን ያወጡት እርስዎ አይደሉ?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ኮከቧን እያየሁ ፈረምኩ ልበል?

የጠረጴዛዬ ስልክ ጮኸ። ቀድማኝ አነሳችውና ትንሽ አዳመጠች። «አዎ፣ እዚሁ አሉ» ብላ አቀበለችኝ።

«እንኳን ደስ ያለዎት!» አለኝ የማላውቀው ሰው፣ በደስታ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ቴሌስኮፑን እያዞርን ነው።»