አራተኛው ካሴት

ዲንቄ ሁለተኛውን ካሴት አውጥታ ሦስተኛውን ስታስገባ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ። የቀበሌው ጸሐፊ የእሑዱን ፕሮግራም በካርቦን አባዝቶ አንዱን ቅጂ ቴፑ አጠገብ ጥሎ ሄዷል። ለእሷ ምን ያደርግላታል? የካሴቶቹን ተራ ሊቀመንበሩ ጓድ መርዳሳ እንደ ወትሮው በጣቱ እየነካ አሳይቷታል። የቀበሌው ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ለወጣቱ ዘፈን ታስገባለች፣ ታወጣለች።

ግን እዚሁ አዳራሽ ከሥራ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ፊደል ቆጥራለች። መስመሩን በጣቷ ተከትላ አንድ በአንድ አነበበች። «አራተኛ ካሴት። ዘፈኑ ሲጀምር በሩ ይዘጋል። የዘመቻ መኪኖቹ ይጠጋሉ።»

ደግማ አነበበችው። ልጇ ኢተፋ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ጠዋት ስትወጣ «ሸሚዜ ይድረቅና እመጣለሁ» ብሏታል። ባለፈው ወር ከወለንጪቲ ገበያ ለዘመቻ የታፈሱት ልጆች እስካሁን የገቡበት አልታወቀም።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ግቢው ገና አልሞላም። ግማሹ ወጣት ከበሩ ውጭ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። የሚጠብቀው ያንን አራተኛውን ነው፤ በዚያ ሰሞን ናዝሬትን ያሳበደው ጭፈራ እሱ ነበር። እሱ ሲነሳ ከደጅ የሚቀር የለም። ለምን እንደመረጡት አሁን ገባት።

አራተኛውን ካሴት አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችውና ክሩን በጥፍሯ መዛ አወጣችው። ሳበችው፤ እየረዘመ ቀሚሷ ላይ ተከመረ።

ሦስተኛው አለቀ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጭጭ አለ።

«ዲንቄ! ምን ሆነሽ ነው?» መርዳሳ በሩን በርግዶ ገባ።

«ቴፑ በላው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«በላው? አንቺን ይብላሽ! ዛሬ ነው የሚበላው?»

ከውጭ ፉጨት ተነሳ። «ቴፑን ምሳ አላበላችሁትም እንዴ?» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሳቁ። ከዚያ አጥሩን የተደገፉት ተራ በተራ ወደ መንገዱ ያዘግሙ ጀመር። ሂዱ፣ አለች በልቧ፤ ሂዱልኝ።

የሚሄዱትን ሰንጥቆ አንድ ልጅ ብቻ እየሮጠ ወደ ውስጥ ይመጣል። ኢተፋ። የሸሚዙ ኮሌታ ገና እርጥብ ነው።

«አዮ፣ ዘፈኑ ሲቋረጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ። እንዳይቆጡሽ ብዬ መጣሁ።» እናቱ ጭን ላይ ያለውን ክር አይቶ ሳቀ። «ይሄ ነው እንዴ? ሱቅ በቀን አሥር እጠግን የለ!»

«አንተ ቤት ሂድ። ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

«አሁን ነው ወጥ ትዝ ያለሽ?» አለ መርዳሳ። ፊቱ ፈክቷል። «እንኳን መጣህ፣ የኔ አንበሳ። ቶሎ በልልኝ።» መውጫው ላይ ተደግፎ ቆመ።

በኦሮምኛ ሹክ እንዳትለው መርዳሳም የዚያው ቋንቋ ልጅ ነው። እጇ ወደ ደረቷ ገባ፤ የትምህርቷን እርሳስ አወጣች፤ ወረቀቱን ገለበጠች። ውጣ ልትለው ነው። ሁለት ፊደል። የመጀመሪያዋን ጽፋ ጨረሰች።

«ጎሽ አዮ! እሱን ነበር የምፈልገው።» ኢተፋ እርሳሱን ከጣቶቿ መሐል መዘዘና የካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶ ያሽከረክረው ጀመር። ክሩ ከቀሚሷ ላይ እየተሳበ ሄደ።

ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው። ክርኑን አስደገፈበትና ማጠንጠኑን ቀጠለ።

«ልጄ...»

«ጨርሻለሁ፣ ጨርሻለሁ።» ካሴቱን አስገብቶ ተጫነው።

ዘፈኑ ተነሳ። ከመንገዱ ጩኸትና ፉጨት ተመለሰ፤ ወጣቱ እየተጋፋ ገባ። ኢተፋ ምቱን በእግሩ እየመታ ዞሮ እናቱን አያት፤ እንድትስቅለት ነው።

ወዲያ የግቢው የብረት በር ሲጢጥ እያለ ሲገጥም፣ እሱ ድምፁን ከፍ ሊያደርግላቸው ጎንበስ ብሎ ነበር።