የብርዙ ቁጥር

አቶ አቻምየለህ ሙሉሽን ወደዋት አያውቁም። ልጃቸው ዮጌቭ የእሷን ልጅ ኤስቲን ላግባ ሲል እሺ ያሉት ባለቤታቸው ይሻሽ ሳምንት ሙሉ ስላኮረፈቻቸው ብቻ ነው።

ቂሙ የቆየ ነበር። ሱዳን መጠለያ ሳሉ ለሙሉሽ ባል ለአሮን አደራ የሰጡት ዱቄት ጎድሎ ተመለሰላቸው። አሮን አይጥ በላው አለ። አላመኑትም። ሰውየው እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ከተቀበረ ስድስት ዓመት ሆኖት እንኳ አላመኑትም።

ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው የጠጁ ነገር ተነሣ። ማሩ ከወንዱ ወገን፣ መጣሉ ከሴቷ ወገን ሆነ። በጠጅ አጣጣል ሙሉሽን የሚስተካከል በሰፈሩ የለም፤ ይህን አቶ አቻምየለህም አይክዱም። ዮጌቭ አርባ ኪሎ ማር በመኪናው ጭኖ አደረሰላት።

አቶ አቻምየለህ በኢንዱስትሪ ቀጠናው በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት በጥራት ቁጥጥር ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያልለኩትን ነገር አያምኑም። የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ሞርደካይ፣ ቤቱ ውስጥ ወይን የሚጠምቅ ሰው፣ ያንኑ ሰሞን አንድ ሃይድሮሜትር ሰጣቸው። ታቹ የከበደ፣ አንገቱ ቀጭን የመስታወት ዘንግ ነው፤ አንገቱ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሎ ገብቷል። ስኳር በበዛበት ፈሳሽ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ በሳሳበት ይሰምጣል።

«በተበረዘበት ዕለት ለካው» አላቸው ሞርደካይ። «መፍላት ከጀመረ ስኳሩ አልኮል ስለሚሆን ቁጥሩ ይወርዳል። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ከሆነ አንድ ሺህ አንድ መቶ አምስት ገደማ ማለት አለበት።»

ሙሉሽ በበረዘችበት ዕለት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከይሻሽ ጋር ቤቷ ሄዱ። ብርዙ በሁለት ሰማያዊ በርሜል ሆኖ ማማድ ውስጥ፣ ሮኬት ሲመጣ በሚገቡበት ክፍል፣ ተቀምጧል። ሙሉሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተቀበለቻቸው።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አለች ዘንጉን ስታይ።

«መለኪያ።»

«ጠጅ በምላስ እንጂ በመስታወት ይለካል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

አቶ አቻምየለህ አልሳቁም። ከአንደኛው በርሜል በረጅም ብርጭቆ ቀድተው ዘንጉን ለቀቁት። መነጽራቸውን አደረጉ። አንድ ሺህ ሰማንያ አምስት። ከሁለተኛው ቀዱ። አንድ ሺህ ሰማንያ አምስት።

እስክሪብቶ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አሰሉ።

«ማሩ አንድ አምስተኛው የለም» አሉ። «ስምንት ኪሎ።»

«የለም ማለት?»

«የት ገባ ነው የምልሽ።»

ሙሉሽ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ከዚያ ፊታቸውን አየችና በጣሳ ቀድታ ዘረጋችላቸው። «ይቅመሱት። ከቀመሱ በኋላ ይናገሩ።»

«ምላስ ይሸነገላል።»

ይሻሽ ጣሳውን ተቀብላ ተጎነጨች። «ኧረ አንተ ሰው፣ ጉሮሮ ይዘጋል! እንዲህ የሚጣፍጥ ብርዝ ቀምሼ አላውቅም።»

«አንቺ ዝም በይ!» አሉና ወደ ሙሉሽ ዞሩ። «ዱቄት የለመደ ቤት ማር ሲያገኝ ምን ያድርግ?»

ሙሉሽ ከዚያች ደቂቃ ወዲያ አንቱ አላለቻቸውም።

«ባሌን ከመቃብር ጎትተህ አመጣኸው? ልጄ በምትዳርበት ጠጅ?» እጅጌዋን ሰበሰበች። «እንካ! ማርህን ውሰድ!»

አንደኛውን በርሜል በትከሻዋ ገፍታ ደፋችው። ሁለተኛውን ደፋችው። ብርዙ በኮሪደሩ አልፎ ደረጃውን እየተንጠባጠበ ወረደ። ጎረቤት ሁሉ በሩን ከፈተ። አቶ አቻምየለህ ጫማቸው እየተጣበቀ ወጡ።

ዓርብ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አቶ አቻምየለህ ዘንጉን በፎጣ ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። «ሰው ለዘመዱ ያደላል፤ ይሄ ዘመድ የለውም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ቁጥሩን ሰሙ፣ አንገታቸውን ደፉ። አንዱም ደፍሮ ሙሉሽ እውነት አላት አላለም።

«አባ፣ ዳይ!» አለ ዮጌቭ፣ ይበቃል ሲል። «ይቅርታ በላት። ማሩ ምን ያደርግልናል?»

«እሷ ትበል።»

ዮጌቭ ልብሱን በሻንጣ ከቶ ካርሜ ጋት ሰፈር ለትዳሩ ወደተከራየው ቤት ብቻውን ገባ። በሳምንቱ የሠርጉ አዳራሽ ኪራይ ተሰረዘ። ሙሉሽ ምኩራብ መሄድ አቆመች፤ ሴቶቹ ስታልፍ ስለሚንሾካሾኩባት። ይሻሽ ለባሏ ምግብ ታቀርባለች እንጂ አታናግራቸውም። እሳቸው ግን እንቅልፍ አልጎደለባቸውም። አርባ ዓመት ሲጠረጥሩት የኖሩት ነገር በቁጥር ተረጋግጦላቸዋል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ኤስቲ ነበረች፤ ከምትሠራበት ላብራቶሪ በቀጥታ የመጣች፣ ባጇ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። አልተቀመጠችም። የቀለበቱን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይኸው አባባ። ለዮጌቭ ይስጡልኝ። እኔ አሁን ፊቱን ማየት አልችልም።»

«አንቺን አልወቀስኩም፣ ልጄ።»

«እናቴን ወቅሰዋል።» ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ባለው ፎጣ ላይ አረፈ። «ያ ነው?»

«ያ ነው።»

ዘንጉን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። አገላብጣ አየችው።

«ከመለካትዎ በፊት በንጹህ ውሃ ሞክረውታል?»

«ውሃ ውስጥ ምን ስኳር አለና?»

«ለዚያ እኮ ነው። ምንም የሌለበት ውሃ አንድ ሺህ ማለት አለበት። እኛ መሣሪያ የምናምነው ከዚያ በኋላ ነው።»

አንድ ረጅም ብርጭቆ ከቧንቧ ሞላች፣ ዘንጉን በቀስታ ለቀቀችው። ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ በሩንም አልዘጋችውም።

አቶ አቻምየለህ ዘንጉ መወዛወዙን እስኪያቆም ጠበቁ። መነጽራቸውን ጠርገው አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ።

ዘጠኝ መቶ ሰማንያ። ሃያ ይጎድላል፤ ከሙሉሽ ብርዝም የጎደለው ያው ሃያ ነበር።