ልብሱ ያላየው እብጠት

በዚያ ዘመን ሴቶች ጡታቸውን በእጃቸው መዳሰስ ትተው ነበር፤ የውስጥ ልብሳቸው በተሰፋበት መሣሪያ ራሱ መርምሮ ማለዳ አረንጓዴ ካበራ ደህና ናቸው ማለት ነበር። አንድ ቀን ወይዘሮ የሺመቤት ሞቅ ባለው ውሃ ውስጥ በሐሳብ ጭልጥ ብለው ሲታጠቡ፣ እጃቸው ግራ ጡታቸው ላይ ሽንብራ የሚያህል ጠጣር ነገር አገኘ። አያምም።

«እማዬ፣ ልብሱ ደህና ነሽ ብሏል እኮ!» አለች ልጃቸው ማስተዋል።

«እጄ ግን ደህና ነሽ አላለኝም» ብለው ሐኪም ቤት ሄዱ።

ሐኪሟ እጇን አሙቃ ዳሰሰቻቸው። «አብዛኛው እብጠት ክፉ አይደለም፤ አዲስ ከሆነ ግን መታየት አለበት» ብላ በመርፌ ናሙና ወሰደች። ካንሰር ነበር፤ ሳይዛመት ተደረሰበትና ወጣላቸው።

ከሆስፒታል በተመለሱ በሳምንቱ ማስተዋል አጠገባቸው ተቀመጠች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እጇ ግን የገዛ ገላዋን አያውቀውም።

«እማዬ፣ እንዴት እንደሚዳሰስ አሳዪኝ» አለች።

እናትየው ጣቶቿን ይዘው፣ «ቀስ ብለሽ፣ ዙሪያውን» አሏት።