ለግማሽ ሰዓት የጠፋው መብራት

"አንተ ሰውዬ! መብራቱን አጥፋልን እንጂ!"

አንተ ያልኩት አባቴን የሚያክል ሰው ነው... ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ኅዳር 2012። ጨረቃ የለችም።

ከባሕር ዳር ስድስት ሆነን መጥተናል። ኮከብ ተመልካቾች ነን፤ ክበብ አለን። ከወረታ ወርደን ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ጣና ዳር ደርሰናል። ዙሪያው ጭቃ ነው... ቴሌስኮፕ የሚቆምበት ደረቅ መሬት ያገኘነው አንዲት ጉብታ ላይ ብቻ።

ከጉብታዋ ሥር የደረሰ ሩዝ።

ከሩዙ ጫፍ፣ እንጨት ላይ የተሰቀለ የሶላር መብራት... በቀጥታ ዓይናችን ላይ።

"ምን ሆናችሁ ልጆቼ?" አለ ሰውየው ጋቢውን ወደ ትከሻው እየሰበሰበ። "መብራት ምን በደላችሁ?"

"ኮከብ ልናይ ነው።"

"ኮከብ?" ቀና አለ። "ይኸው ሞልቶ የለም እንዴ! ማን ከለከላችሁ?"

ጓደኛዬ ቻላቸው ከኋላዬ ሳቀ። እኔ ተናደድኩ።

ያኔ መምህር በእውቀቱ ዱላቸውን እያስቀደሙ ቀስ ብለው መጡ። ክበቡን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው።

"አያ... ማን ልበልዎ?"

"አበረ።"

"አያ አበረ፣ እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጋላክሲ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስል ኖርኩ። አንድሮሜዳ ይባላል። በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። አሁን ግራ ዓይኔ ጠፋ፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ሐኪሙ ለከርሞ ቃል አልገባልኝም። ላየው የመጣሁት ነገር ደግሞ ደብዛዛ ነው... መብራት ካለ አይታየኝም።"



ሰውየው ሩዙን አየ። ወደ ጣና አየ። ከዚያ የመምህርን ዓይን አየ።

"ለስንት ጊዜ ነው?"

"ለግማሽ ሰዓት!" አልኩ ቸኩዬ። "ስንጨርስ እንነግርሃለን።"

"እንግዲያ ይሁን።"

መብራቱ ጠፋ።

ጨለማ...

ከዚያ ሰማዩ ወረደብን። ሌላ ቃል የለኝም።

ብርሃኑ ጨለማ የለመደ ዓይናችንን እንዳይወጋ ባትሪያችንን በቀይ ፌስታል ጠቅልለን፣ በዚያች ጭላንጭል ቻላቸው ቴሌስኮፑን አነጣጠረ። መምህር ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ።

"የለም እንዴ መምህር?"

"ቆይ..."

"ላስተካክለው?"

"ቆይ እስኪ አንተ ልጅ!"

እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አሉ።

"ጉም ነው" አሉ። "ለካ ጉም ነው... እኔ እኮ እንደ ድስት ክዳን ነበር የምስለው። ተማሪዎቼን ይቅርታ ጠይቁልኝ።"

አለቀስን። ሳቅን። ደግሞ ሌላ እንይ አልን። ሌላ... ሌላ...

ከታች ጣሳ ይደበደባል። ቆም ይላል። ደግሞ ይደበደባል።

"ሰውየው ሠርግ አለበት እንዴ?" አለ ቻላቸው።

በዚህም ሳቅን።

ነጋ።

ዕቃችንን ሸከፍን። ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብተን ድካማችንን ልናራግፍ ነው።

"ቆይ፣ መጀመሪያ አያ አበረን እናመስግን" አሉ መምህር።

ወረድን።

ሩዙ መሃል ለመሃል ሰፊ መንገድ ተከፍቶበታል። ግማሹ ተግጧል። ግማሹ ጭቃ ውስጥ ተረግጧል። ዱካው ሳህን ሳህን ያህላል...

የአያ አበረ ባለቤት ወይዘሮ ገላነሽ የወደቀውን ዛላ አንድ በአንድ ከጭቃ ይለቅማሉ።

"ምን ገባበት?" አልኳቸው።

"ጉማሬ ነዋ። መብራት ካየ ከውኃው አይወጣም። ትናንት ጨለማ አገኘ።"



አያ አበረ ጠርዙ ላይ ቆመዋል። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ዓይናቸው ቀልቷል። እጃቸው ላይ የተጨረማመተ ጣሳ...

"ለምን አላበሩትም?"

"ስንጨርስ እንነግርሃለን አላላችሁም?" አሉኝ። "አልነገራችሁኝማ።"

ግማሽ ሰዓት ነበር ያልኩት።

ረስተናቸው ነበር።

መምህር በእውቀቱ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ አያ አበረ ክንዳቸውን ያዙ።

"ተዉ እንጂ መምህር! ሩዝ ለከርሞም ይዘራል። ዓይንዎ ግን ለከርሞ... ይልቅስ ይንገሩኝ፣ አዩት?"

"አየሁት።"

"ምን ይመስላል?"

"ጠዋት ጣና ላይ የሚተኛውን ጉም።"

"እሱንማ በየቀኑ አየው የለም!"

ሳቁ። የዓመት ልፋታቸው ከኋላቸው ተኝቶ፣ ሳቁ።

ወዳጆቼ...

እኛ ጨለማውን እንዲሁ ያገኘነው መስሎን ነበር። ለካ ሌላ ሰው ጭቃ ውስጥ ቆሞ እየጠበቀልን ነበር። ደስ ሲላችሁ አንዴ ዞር በሉ። የገባችሁትን ቃል፣ ትንሿንም ቢሆን፣ አትርሷት። ምስጋና ለነገ አይደር።

እናንተስ? "ጨርሰናል" እስክትሉት ድረስ ዛሬም ቆሞ የሚጠብቃችሁ ማን ነው? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉለት... ከዚያ ደውሉለት።

እኛ ያን ቀን ወንዛዬ አልሄድንም።

"ጉማሬ አንዴ ከቀመሰው ዛሬ መብራት ቢያይም ይመጣል" ብለው ነበር ወይዘሮ ገላነሽ።

የተረፈውን ሩዝ ስናጭድ ዋልን። የእኔ ማጭድ ከሩዙ ይልቅ ጣቴን አጨደ። ግማሹን እንኳ ሳናደርስ መሸ።

መብራቱን አበራነው። ኮከብ ማየት የለም። ስድስታችንም ጠርዙ ላይ ተደረደርን። መምህር በእውቀቱ ሳይቀሩ፣ ዱላቸውን ይዘው።

ጣሳውን ከአያ አበረ እጅ ተቀበልኩ።

"ይግቡና ይተኙ፣ አያ። ስንጨርስ እንነግርዎታለን።"

አዩኝ።

ገቡ።

በሩ ተዘጋ።