አንድ ዙር ሳርዲኒያ

ባኪዚዮ ከወህኒ ቤት በወጣ ዕለት ታናሽ ወንድሙ ጋቪኖ አዲስ መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ጠበቀው። ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ጋቪኖ እየሳቀ አቀፈው።

«ቤት ኋላ እንደርሳለን። መጀመሪያ ደሴቲቱን አንድ ዙር አዞርሃለሁ፤ አየር ትቀይራለህ» አለው።

«ዘጠኝ ዓመት ስዞር ነው የኖርኩት፤ ግቢው ጠበበኝ እንጂ» አለ ባኪዚዮ። ቦርሳውን ከኋላ ወርውሮ ከፊት ገባ።

የታሰረው በአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሞት ነው። ከተራራ መንደሯ በብስክሌት ስትወርድ የነባኪዚዮ ቤተሰብ መኪና ገጭቷት ሳይቆም አለፈ። በማግሥቱ ባኪዚዮ በእግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «እኔ ነኝ» አለ። የጋቪኖ ሠርግ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ሠርጉ አልተሰረዘም።

ከካልያሪ ተነስተው በምዕራቡ ዳርቻ ሄዱ። ኦሪስታኖ ሲደርሱ ለምሳ ቆሙ፤ የተጠበሰ ዓሣና ቀይ ወይን ቀረበላቸው። ጋቪኖ የወንድሙን ብርጭቆ በጎደለ ቁጥር ሞላው። የራሱን ግን አልነካም።

«አንተስ?»

«እየነዳሁ እንዴት እጠጣለሁ?»

«ጥሩ ነው» አለ ባኪዚዮ። «ጠንቃቃ ሆነሃል።»

የጋቪኖ ስልክ ጮኸ። ተነስቶ ከመኪናው ጀርባ ሄደና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚህ ጉዞ እጨርሰዋለሁ ብዬሻለሁ። ቤታችን አይገባም። አዎ፣ ልጆቹም አያዩትም።»

ሲመለስ ባኪዚዮ የዓሣውን እሾህ በጥንቃቄ እየለቀመ ሳህኑ ዳር ይደረድር ነበር። ሰምቶ እንደሆነ ከፊቱ አያስታውቅም።

«ሚስትህ ኢላርያ ናት?»

«አዎ፣ ሰላም ብላሃለች።»

ከሰዓት በኋላ ነዳጅ ሊቀዱ ገቡ። ጋቪኖ ሽንት ቤት እንደሄደ ከኋላቸው የጭነት መኪና መጥቶ ጡሩምባውን ይነፋው ጀመር።

«ጌታዬ፣ እስቲ ትንሽ ወደፊት ያድርጉልን» አለ ነዳጅ ቀጂው።

«መንጃ ፈቃድ የለኝም።»

«ሁለት ሜትር እኮ ነው! ማን ያይዎታል?»

ባኪዚዮ ወረደ፤ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀና ትከሻውን በሩ ላይ አስደግፎ መኪናውን ይገፋው ጀመር። ነዳጅ ቀጂው በሳቅ ሆዱን ያዘ። «መሪ ያስፈራዎታል እንዴ?»

«አዎ» አለ ባኪዚዮ።

ጋቪኖ ሲወጣ ይህን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ወንድሙን ክንዱን ይዞ ወደ መኪናው አስገባው። «ሰው ፊት መሳቂያ አታድርገን» አለው ጥርሱን ነክሶ።

ከቦዛ ወደ አልጌሮ የሚወስደው መንገድ ገደል ለገደል ነው። ታች ባሕሩ ድንጋዩን ይደበድባል። ጋቪኖ አጥር የሌለበት ቦታ መርጦ ቆመ።

«ውረድ፣ ፎቶ ላንሳህ። ወደ ኋላ በል። ትንሽ ጨምር፣ ባሕሩ አልታየም። ትንሽ ብቻ።»

ከባኪዚዮ ተረከዝ ሥር ጠጠር ተንሸራቶ ወረደ። ታች ሲያርፍ ድምፁ የተሰማው ቆይቶ ነው።

«ቆይ፣ ላስተካክልህ» አለና ጋቪኖ ስልኩን ኪሱ ከቶ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ቀረበው። ባኪዚዮ አልሸሸም። ዓይን ዓይኑን ያየው ነበር።

በዚህ ጊዜ አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመና ካሜራ ያንጠለጠሉ ሽማግሌዎችን አራገፈ። ጋቪኖ የወንድሙን ኮሌታ አስተካከለለት።

በማግሥቱ ጠዋት ባኪዚዮ፣ «አንድ ነገር አታስቀርብኝ» አለ። «ወደ ልጅቷ መንደር ውሰደኝ። እናቷ ፊት ልንበርከክ።»

«አበድክ? አራት ወንዶች ልጆች አሏት እኮ! የፍርዱ ቀን ትልቁ ምን እንዳለ ረሳኸው? ‹ገዳዩን በእጃችን እስክናገኘው እንጠብቃለን› ነው ያለው። ቆዳህን ገፈው ነው የሚያሰጡት።»

«እንደ ፍጥርጥራቸው።»

«እንደምትመጣ ታውቃለች?»

«ጽፌላታለሁ።»

«መለሰችልህ?»

«አንዴ። ‹ና› አለችኝ።»

ጋቪኖ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ከዚያ፣ «ይሁን። የኅሊና ጉዳይ ከሆነ አልከለክልህም» አለ። ከመነሳታቸው በፊት ለሚስቱ ደወለላት፦ «እኔ እጄን ሳላስገባ ሊያልቅ ነው።» ተራራውን እያፏጨ ወጣው።

ቀትር ላይ ደረሱ። ቤቱ ከድንጋይ የተሠራ ነው፤ የግቢው የብረት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋቪኖ ሞተሩን አጠፋ እንጂ አልወረደም።

«አንተ ግባ። እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ።»

«ብቻዬን ፈራሁ፣ ወንድሜ። እስከ ውስጥ ሸኘኝ።»

ጋቪኖ አመነታ። ግን ነገሩ ሲያልቅ በዓይኑ ማየትም ፈልጎ ነበር፤ ተከተለው።

አራቱ ወንድማማቾች በግ ሲሸልቱ ቆይተው እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ቆመዋል። እናትየው እማማ ቶኒያ ጥቁር ለብሰው ድንጋይ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባኪዚዮ ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ጋቪኖ ከሱ ጋር እንዳይቆጥሩት ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ።

ከአራቱ ታናሹ በኋላቸው ዞሮ በሩን ዘጋና መወርወሪያውን ሸጎረው።

እማማ ቶኒያ የባኪዚዮን ራስ በእጃቸው ዳሰሱ። ቀጥሎ ዓይናቸውን አነሱ።

«አንተስ ማነህ?»

ጋቪኖ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔ እንኳ ሾፌሩ ብቻ ነኝ፣ እማማ።»

ባኪዚዮ ከተንበረከከበት ቀና ሳይል፣ «ያን ቀንም ሾፌሩ እሱ ነበር» አለ።