ቅጠል ያልበተነ እጅ

የአያ ካሲሚሮ ዱላ የኢላሪዮ ደረት ላይ አረፈ።

"ከዚህ ወዲያ አንዲት እርምጃ እንዳትሄድ።"

ሽማግሌው የመንደሩ መሥዋዕት አቅራቢ ናቸው፤ እሳቸው ያልባረኩት ሰው ድልድዩን አይነካም። ከፊታቸው ገደሉ አፉን ከፍቷል፤ ወንዙ ከታች ያገሳል። ወፋፍራም የሳር ገመዶች ከዳር እስከ ዳር ተወጥረዋል፤ አራቱ ለመርገጫ፣ ሁለቱ ለእጅ መደገፊያ። የቀረው መደገፊያውን ከመርገጫው ጋር በቀጭን ገመድ ግራና ቀኝ እያሰሩ ወደ መሀል መግፋት ነው። ሥራው ከሁለቱም ዳር ይጀምርና መሀል ላይ ይገናኛል። ከማዶ የኢላሪዮ ታላቅ ወንድም ፎርቱናቶ ገመዱ ላይ ተፈናጦ ብዙ ርቀት መጥቷል።

ድልድዩ በየዓመቱ በአዲስ ሳር ይሠራል፤ የዚህኛው ዳር ሥራ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የኢላሪዮ ነበር። ዘንድሮ ግን በፋሲካ ሰሞን ከወንጌላውያኑ ጋር ተጠመቀ፤ ዛሬ ማለዳም ለምድር እናት የኮካ ቅጠል ሲበተንና የበቆሎ ጠላ ሲፈስ አልተገኘም።

"አያ ካሲሚሮ፣ ሥራ ልሥራ ነው ያልኩት። ሌላ ምን አልኩ?"

"ሥራውና ቅጠሉ አንድ ነው። ስትፈልግ የምትነጣጥለው አይደለም።"

"ከኩስኮ ከተማ የመጣው ፓስተርም ይህንኑ ነው ያለኝ" አለ ኢላሪዮ ምርር ብሎት። "'ያን ድልድይ ከሠራህ ለጣዖት ሰግደሃል' አለኝ። እሱ ከዚያ ይከለክለኛል፣ እርስዎ ከዚህ። እኔ የት ልግባ?"

"ወንዙ ውስጥ!" አለች የፎርቱናቶ ሚስት ባሲሊያ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ቀጭኑን ገመድ እየጎነጎነች። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ዐይኗ ማዶ፣ ባሏ ላይ ነው።

በኢላሪዮ ቦታ ቲቡርሲዮ የሚባል ጎረምሳ ገባ። ጉልበት አለው፤ ትዕግሥት የለውም። ቀኙን ጥብቅ አድርጎ ያስርና ግራውን ላላ አድርጎ ያልፈዋል። ሦስት ጊዜ መቋጠር ሲገባው አንዴ ቋጥሮ ይሻገራል። ኢላሪዮ ከዳር ቆሞ ጮኸ።

"ግራውን! ኧረ ቲቡርሲዮ፣ ግራውን ሳበው!"

"ቅናት ነው የሚያስጮህህ!" አለው አንዱ ከኋላ።

ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ልማዱ፣ ነፋሱ ከገደሉ ተነሣ። መርገጫው ወደ ግራ አዘነበለ። ቲቡርሲዮ "እናቴን!" ብሎ በሆዱ ተለጠፈ፤ ከዚያ እየዳኸ ወደ ኋላ ተመልሶ ዳር ያለውን ድንጋይ አቀፈ። ገመዶቹ ግን እንደተጣመሙ ቀሩ። መሀሉ ላይ ፎርቱናቶ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል። አንድ እግሩ አየር ላይ ነው፤ ሁለት እጆቹ መደገፊያውን ጨብጠዋል። ቢለቅ ይወድቃል፤ ካልለቀቀ ማሰር አይችልም። የእሱ ወገን በደንብ ታስሯል፤ ጥመቱን የሚያቃናው ከዚህ ወገን የሚገባ ሰው ብቻ ነው።

ሁሉም ኢላሪዮን አዩት። እሱ ዱላውን አየ።

"ምድር ከእጅህ ምንም አልተቀበለችም" አሉ ሽማግሌው። "ያልሰጣትን ሰው ትውጣለች። ሁለታችሁንም ትውጣለች። ይህን ፈርቼ እንጂ ጠልቼህ አይደለም።"

ኢላሪዮ መዳፎቹን ዘረጋ። ሳሩ ሸርክቷቸዋል፤ አንዳንዱ ቁስል ገና አልደረቀም።

"ለገመዱ አራት ቀን ሙሉ ሳር አጭጃለሁ አባቴ። ደሜ ያልነካው ገመድ እዚያ የለም። ይህንንስ አልተቀበለችም?"

አያ ካሲሚሮ መዳፎቹን አዩ፤ ከዚያ የተንጠለጠለውን ሰው። ዱላቸውን አወረዱ። ከከረጢታቸው ሦስት ቅጠል አውጥተው እፍ አሉባቸውና ወደ ገደሉ በተኑ።

"ስለ አንተ እኔ እነግራታለሁ። አንተም ለራስህ አምላክ የምትነግረው ካለህ ንገረው።"

ኢላሪዮ ባርኔጣውን አውልቆ ዐይኑን ጨፈነ።

"አሳጥረው አንተ ጴንጤ!" ባሲሊያ ጮኸች። "ባሌ ተንጠልጥሏል!"

"አሜን" አለ፤ ባርኔጣውን እጇ ላይ ጣለላትና ገመዱ ላይ ወጣ።

ወደ ታች አላየም። ግራውን ፈልጎ አገኘ፣ ሳበ፣ ቋጠረ። ትንሽ ገፋ፤ ደግሞ ሳበ፣ ቋጠረ። ነፋሱ ሸሚዙን ጀርባው ላይ እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። ከዐሥረኛው ቋጠሮ በኋላ መርገጫው ከሥሩ እያቃሰተ መቃናት ጀመረ። ከሃያኛው በኋላ የወንድሙን ትንፋሽ ሰማ።

ፎርቱናቶ አሁን ሁለት እግሩን አንፈራጦ ተቀምጧል። ጉንጩ በሚያኝከው የኮካ ቅጠል ተወጥሯል። ኢላሪዮ በእናታቸው ሙት ዓመት ላይ "ጠላ አልጠጣም" ካለ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

"ዘገየህ" አለ ፎርቱናቶ።

"ሽማግሌው አላሳልፍ ብለውኝ።"

"ፓስተርህስ?"

"አልጠየቅሁትም።"

ፎርቱናቶ ሊስቅ ብሎ ተወው። ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ። የመጨረሻዎቹ ቋጠሮዎች የሁለት ሰው ሥራ ናቸው፤ አንዱ ይስባል፣ ሌላው ያስራል።

ኢላሪዮ ሲያስር ሳይታወቀው ማንጎራጎር ጀመረ። የጉባኤው መዝሙር ነበር። ደንግጦ ሊያቆም አሰበ፤ እጁ ግን በዜማው ነበር የሚሄደው። ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ አንድ ነገር አስተዋለ። ዜማው በሚወርድበት፣ ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ገመዱ ከወንድሙ በኩል ይወጠራል።

ቀና ብሎ አላየውም። ዜማውን ሳያቋርጥ የሚቀጥለውን ገመድ አቀበለው።